ከ38 ወደ 39

የሠርጌ ጫማ ነጭ ነው። ታኮው ቀጭን፣ ቁጥሩ 38። ከሠርጉ በኋላ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ካርቶኑ ውስጥ አድርጌ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ 8 ወር ሲሞላት የአክስቴ ልጅ አገባች። ጫማውን አወረድኩት። ጣቶቼ ገቡ፣ ተረከዜ ውጭ ቀረ። በማንኪያ እጀታ ሞከርኩ። በስስ ካልሲ ሞከርኩ። እምቢ አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እግሮቼን አየኋቸው። አላበጡም። የእርግዝናው እብጠት ከወለድኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፍቷል። ክብደቴም ወደ ድሮው ሊመለስ የቀረው 2 ኪሎ ነው። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ያን ቀን አለቀስኩ። በእርግዝናዬ ወራት ስለ ሆዴ፣ ስለ ደሜ፣ ስለ ሽንቴ፣ ስለ ክብደቴ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እግሬን ግን መንገድ ላይ እስክወድቅ ድረስ ማንም አላየልኝም። እኔም ራሴ አላየሁትም። ሁለት ነፍስ ተሸክሞ የሚውለውን እግሬን ያየሁት ጫማ አልገባ ሲለኝ ነው።

የምሠራው ባንክ ቤት፣ መስኮት ላይ ነው። የቅርንጫፋችን የአለባበስ ደንብ ሴቶች ጥቁር፣ ሽፍን፣ ታኮ ያለው ጫማ እንዲያደርጉ ያዛል። ነፍሰ ጡር ምን ታድርግ የሚል ነገር የለውም። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፣ ደንበኛውን ፊት ለፊት እንድናይ። እኔ አጭር ስለሆንኩ እግሬ መሬት አይነካም። ሰው "አንቺማ ተቀምጠሽ ነው የምትውዪው" ይለኛል። ተቀምጦ መዋል ግን ለእግር ዕረፍት የሚሆነው እግሩ የሚያርፍበት ሲያገኝ ነው። የኔ ተንጠልጥሎ ይውላል። የወንበሩ ጠርዝ ከጭኔ ሥር ይጫነኛል። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ባት ሲንቀሳቀስ፣ ጡንቻው እየጨመቀ ሲገፋው ነው። ባቱ ስምንት ሰዓት ዝም ካለ ደሙም ውሃውም ታች ይቀራል።

ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ይብሳል። የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ያደገው ማህፀን ከእግር ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ይህ ሥር ከአከርካሪ በስተቀኝ ነው የሚያልፈው። "በግራ ጎንሽ ተኚ" የሚሉን ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ትንሿ የእግሬ ጣት እንደምትቃጠል ብቻ ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ በስድስተኛ ወሬ፣ ጫማዬን መስኮቱ ሥር ማውለቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ማታ ልመልሰው ብል አልገባም። ተረከዙን ረግጬ እንደ ሸበጥ እየጎተትኩ ወጣሁ። ታክሲ ወደምይዝበት የሚወስደው መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ አንዳንዱ ድንጋይ ወጣ ያለ፣ አንዳንዱ የሰጠመ። ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። በጉልበቴና በእጄ ወደቅሁ። ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሮጣ መጥታ አነሳችኝ። ጫማዬን አንስታ አየችውና "ይሄን አድርገሽ ነው እንዴ ከነሆድሽ የምትሄጂው? ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አለችኝ። በርጩማዋን ሰጥታኝ እስኪረጋጋልኝ ተቀመጥኩ። ሆዴ ውስጥ ልጄ ስትገላበጥ ስሰማ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የልጄ የልብ ምት ደህና ነበር። ሲስተሯ የተላጠ ጉልበቴን እየጠረገች እግሬን አየችና ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ቀረ። "ጫማሽ ስንት ቁጥር ነው?" አለችኝ። 38 አልኳት። "ነበር በይ" አለችኝ።

እንግዲህ እሷ ያስረዳችኝን፣ ከዚያም ራሴ አንብቤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ጅማቶችን ያላላል። ሪላክሲን የሚባለው ሆርሞን ከሌሎች ሆርሞኖች ጋር ሆኖ ነው ይህን የሚሠራው። የዳሌ አጥንቶች ልጁ የሚወጣበትን መንገድ እንዲሰጡ ነው። ግን ሆርሞኑ ዳሌ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በደም ስለሚዞር እግር ድረስ ይወርዳል። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንት አለ። እነዚህን አስሮ የውስጥ እግርን ቅስት ወጥሮ የያዘው ጅማት ነው። ጅማቱ በላላበት ወቅት ላዩ ላይ 11፣ 12፣ አንዳንዴም 16 ኪሎ ይጨመርበታል። ክብደቱም ወደ ፊት ያዘነብላል። ቅስቱ ይረግባል። ቅስት ሲረግብ እግር በርዝመትም በስፋትም ይዘረጋል።

የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት፣ በፈረንጆቹ 2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 49 ነፍሰ ጡር ሴቶችን በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ እግራቸውን ለኩ። ከወለዱ ከ5 ወር ገደማ በኋላ እንደገና ለኩ። ከ60 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ እግራቸው ረዝሞ ወይም ሰፍቶ ተገኘ። ጭማሪው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያው እርግዝና እንደሆነም ጠቁመዋል። እኛ የምንጠቀምበት የጫማ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጨምረው 7 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ስለዚህ ከ38 ወደ 39 መሄዴ ተአምር አይደለም። "ይጎድላል፣ ጠብቂ" ያሉኝ ሰዎች እብጠቱን ብቻ ነው ያዩት። እብጠት ይጎድላል። የረገበ ቅስት ግን ብዙ ጊዜ እንደረገበ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ እማዬ ልናገር። ያደግነው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ጫማ ሊገዛልን ገበያ ሲሄድ እማዬ የስድስታችንን እግር በሲባጎ ትለካና ትቆርጣለች። እንዳይቀላቀልበት ደግሞ ቋጠሮ ታደርግበታለች። የመጀመሪያው ልጅ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ሁለት። የኔ ሦስት ነበር። አባቴ ሲባጎዎቹን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል፣ ኮንጎ ጫማ ይዞልን ይመጣል። ልክክ ይላል።

የራሷን እግር ግን ለክታ አታውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆች፣ እኔን ጨምሮ፣ ያረገዘችው በባዶ እግሯ ነው። ውሃ የቀዳችውም፣ እንጨት የለቀመችውም፣ ጠላ ተሸክማ ማኅበር የሄደችውም እንዲያው ነው። ዛሬ 41 ቁጥር ታደርጋለች። ልጅ ሳለች ስንት እንደነበር ማንም አያውቅም፣ የለካት የለማ።

ስለ ጫማ ሳወራ "ቅንጦት ነው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ እማዬን አስባለሁ። በአገራችን ጫማ ማጣት ሴቶችን ብዙ አስከፍሏል። መንጠቆ ትል ከአፈር ወደ ሰውነት የሚገባው በእግር ቆዳ በኩል ነው። አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ለነፍሰ ጡር ያ ደም ለሁለት የሚበቃ ደም ነው። እማዬ በሁለተኛው እርግዝናዋ ከመሬት ስትነሳ ዓይኗ እየጨለመባት በግድግዳ ተደግፋ ትሄድ እንደነበር ትነግረናለች። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የእግር ዝሆኔም እስከ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችንን ይዟል። በጫማና በውሃ መከላከል የሚቻል በሽታ ነው። እና ጫማ የጤና ዕቃ ነው። ለአልትራሳውንድ ስንከፍል የማይቆጨን ሰዎች ለጫማ ስንከፍል ለምን እንደሚቆጨን አይገባኝም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከወደቅሁ በኋላ ባለቤቴ ደንግጦ ነጠላ ጫማ ገዝቶልኝ መጣ፣ ስስ፣ ዝርግ። ምቹ መሰለኝ። ቤትም ሰፈርም እሱን አደርግ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ተረከዜ ላይ ሚስማር የገባ መሰለኝ። አሥር እርምጃ ስሄድ ቀለል ይላል፣ በማግስቱ ጠዋት ይመለሳል። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጅማት ተቆጥቶ ነው። ቅስቱ በረገበበት ጊዜ ምንም የማይደግፍ ጫማ ሳደርግለት ይባሱን ተወጠረ። ከታኮ ሸሽቶ ፍጹም ዝርግ ጫማ ውስጥ መግባት መፍትሔ አይሆንም። ከ2 እስከ 3 ሳንቲም የሚሆን፣ ሰፊ መሠረት ያለው ተረከዝ ነው የሚሻለው። በዚያ ላይ ነጠላ ጫማ እንዳይወልቅ ጣቶች ሳናውቀው ቆንጥጠው ይይዙታል። ውሎ አድሮ ባትም ያማል።

ያኔ እማዬ ከገጠር መጣች። ሲባጎ አወጣች። ተቀምጬ እያለሁ ለካችኝና "ገበያ በማለዳ ነው የሚያምረው" ብላ በጠዋት መርካቶ ወሰደችኝ። ሻጩ የውስጡ ጠበብ ያለ ሸራ ጫማ አስሞከረኝ። "ሲውል ይሰፋል እህቴ" አለ። ገዛን። ጠዋት ልክ ነበር። ማታ እግሬን ማውጣት አቃተኝ። ሁለት ስህተት ሠርተናል። እግር ሲቆሙ ክብደት ስለሚያርፍበት ይዘረጋል፣ እኛ ግን ተቀምጬ ነው የለካነው። እግር ማታ ማታ ያብጣል፣ እኛ ግን ጠዋት ነው የገዛነው። "ሲውል ይሰፋል" የሚለውም አያታልላችሁ። ቆዳ ትንሽ በጎን ይሰጥ ይሆናል። በርዝመት አይሰጥም። እግሩ እየጨመረ ያለ ሰው ደግሞ ጫማው እስኪለምድለት የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

በሁለተኛው ጊዜ ብቻዬን፣ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ሁለቱንም እግሬን ቆሜ ሞከርኩ፣ ግራዬ ከቀኜ ትበልጣለችና። ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ፈለግሁ። የተረከዙን ጀርባ በጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ሲጫኑት ሙልጭ ብሎ የሚተኛ ጫማ ቁርጭምጭሚትን አይዝም። ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዤ አጠፍኩት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ ቅስት አይደግፍም። ሶሉ ቦይ ቦይ ያለው እንዲሆን ፈለግሁ፣ ክረምት እየመጣ ነበርና። ማሰሪያው በክር ሳይሆን የሚለጠፍ ሆነ። በስምንተኛው ወር ጎንበስ ብሎ ክር ማሰር የሚቻል ነገር አይደለም።

ሳልቫጅ የምትገዙ እህቶች፣ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፣ ጥሩ ጫማ በርካሽ ይገኛል። ግን ጫማው የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። የላላ ቁርጭምጭሚታችሁን ወደዚያው ይጥለዋል።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ዝቅ ያለ ጫማ ላድርግ ብዬ ጠየቅኩ። ተፈቀደልኝ። ሦስት ወር ያቃጠለኝ ነገር በአንድ ቀን አለቀ። የጥበቃው ጋሼ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመጣበትን ካርቶን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ሞልተው መስኮቴ ሥር አኖሩልኝ፣ እግሬ ማረፊያ አገኘ። በየሰዓቱ ተነስቼ ሦስት ደቂቃ እራመዳለሁ። ወንበሬ ላይ ሆኜም ቁርጭምጭሚቴን አዞራለሁ። ሌሊት ባቴ ሲሸማቀቅ የእግር ጣቶቼን ወደ ራሴ ስቤ እወጥራለሁ፤ ጣትን ወደ ታች መዘርጋት ያብሰዋል። ማታ ማታ ግድግዳ ላይ እግሬን ሰቅዬ፣ ጎኔን በትራስ ደግፌ ሩብ ሰዓት እቆያለሁ። ባለቤቴ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ያቀርብልኛል። አንድ ቀን ዝቅ ብሎ ያጥበኝ ጀመር። በልጅነቴ እማዬ የአባቴን እግር ማታ ስታጥብ አይቻለሁ። የሷን ያጠበላት ሰው አላየሁም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ምንም አላለችም፣ ሄዳ ፎጣ አመጣች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ እግር ሰባኪ ሆንኩ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት መናገር አለብኝ። አጠገቤ ካለው መስኮት የምትሠራ ባልደረባዬ አረገዘች። በ34ኛው ሳምንቷ እግሯ አብጦ መጣች። "ጫማሽ ነው፣ ቀይሪው" አልኳት። ካርቶኔን ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን ቀለበቷ አልወልቅ አላት፣ በሳሙና አወለቅንላት። ፊቷም ሞላ ብሎ ነበር። ራሴን ያመኛል አለች። ሙቀት ነው አልን። "የእርግዝና ወግ ነው" ያለችም ነበረች። በሦስተኛው ቀን የክትትል ቀጠሮዋ ደረሰ። የደም ግፊቷ 160 በ110 ሆነ። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ከዚያው ወደ ሆስፒታል ላኳት። ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፣ የእርግዝና ደም ግፊት የምንለው። አንቀጥቅጦ እንዳይጥላት ማግኒዚየም ሰልፌት ሰጧት፣ ምጥ እንዲመጣም አደረጉ። ልጇ ትንሽ ቀድሞ ተወለደ። ሁለቱም ዛሬ ደህና ናቸው። ቀጠሮዋን ብትዘነጋው ኖሮ ግን እኔ ጫማ ቀይሪ እያልኳት ነበር።

ስለዚህ ይህን ለዩልኝ። ቀስ በቀስ የመጣ፣ በሁለቱም እግር ላይ ያለ፣ ማታ ጨምሮ ጠዋት የሚቀንስ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የእርግዝናው ነው። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ፣ ከባድ ራስ ምታት ሲኖር፣ ዓይን ሲደበዝዝ ወይም ብልጭ ብልጭ ሲል፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሲያም፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጤና ተቋም ይኬዳል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በማንኛውም ጊዜ፣ ከወለዱም በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ፣ ባቱ ከሞቀና ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። እርግዝና ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፣ አብዛኛውን ጊዜም በግራ እግር ነው። ያን እግር ማሸት አይገባም፣ በቶሎ መታየት ነው። ጫማ ሊያስተካክለው የሚችለው እብጠት አለ። ጫማ የማይነካውም አለ።

ባለፈው እሑድ የመጨረሻዋ እህቴ ቤት መጣች። አምስተኛ ወሯ ነው። በረንዳ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ትንሿ ጣቷ ላይ ቀይ ምልክት አየሁ። ቁጥሯ 37 ነው። እማዬም አየችው። ብድግ ብላ ከማጀት ሲባጎ ይዛ መጣች። እህቴ ወንበር ላይ ሆና እግሯን ዘረጋችላት።

"ቁሚ እንጂ" አለቻት እማዬ። "ተቀምጠሽማ ይዋሻል።"

እህቴ ቆመች፣ ትከሻዬን ይዛ። እማዬ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ለካች፣ ከዚያ ግራውን ለካች፣ ረዘም ያለውን ይዛ ትንሽ ጨምራ ቆረጠች። ጫፉ ላይ መቋጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት። እጇ የለመደው ነው። ከዚያ ሲባጎውን በነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ተነሳች።

"ቅዳሜ እንሄዳለን" አለች። "ከሰዓት በኋላ።"